ኦክስጅኑ ዝግ ነበር

«ይኸውልሽ! ወጣ!» አሉ ጋሼ፤ ስክሪኑን በጣታቸው ሊወጉት ምንም አልቀራቸውም። «ያው ራሱ ነው። ከቦታው ንቅንቅ አላለም።»

እውነትም ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስምንት የኮባልት አቶሞች ተሰባስበው ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ወስደዋል፤ ሦስተኛውን እምቢ ብለዋል። ጋሼ የሚያማክሯት የዶክትሬት ተማሪ ይህችን እምቢታ ለማሳየት ስትል ዕድሜዋን እዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ፈጅታለች። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሌዘሩ የኮባልቱን የብረት ዘንግ ይመታል፣ ኮባልቱ ይተናል፣ የሂሊየሙ ጋዝ ትነቱን ጠርጎ ይወስዳል፣ አቶሞቹም መንገድ ላይ ሁለትም ስምንትም እየሆኑ ይቧደናሉ። ከዚያ ኦክስጅን ይለቀቅባቸውና ማን ስንት እንደወሰደ በክብደቱ ተለይቶ ስክሪኑ ላይ በመስመር ይታያል። ሲሠሩት ግን ፓምፑ ያለቅሳል፣ ሌዘሩ ያኮርፋል፣ የሰው ወገብ ይቆረጣል።

«በቃ፣ ዘጋግተሽ ሂጂ» አሉ ጋሼ። ጥርሳቸው አልከደን ብሏል። «ጽሑፉን ዛሬውኑ እልከዋለሁ። አንቺም መመረቂያሽን ታስገቢያለሽ። ባልሽን መኪናውን አስነሳ በይው፤ ሰውየው በናፍቆት አለቀ እኮ!»

«እሱስ ምግብ ማብሰል ሰልችቶት ነው» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ባሏና ልጇ ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ልጅቷ እናቷን ከፊቷ ይልቅ በድምፅዋ ታውቃታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጋሼ ኮታቸውን ሊያመጡ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። እሷ ሌዘሩን አጠፋች። ወደ ኦክስጅኑ ሲሊንደር ሄዳ መዝጊያውን ለመዝጋት ወደ ቀኝ ልታዞረው ሞከረች። አልዞር አላት። ደግማ ሞከረችው። የግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል። ያኔ ገባት። ጠዋት እንቅልፍ እያዳፋት ስትገባ ሂሊየሙን ከፍታ ኦክስጅኑን ረስታዋለች።

ቀኑን ሙሉ ከሲሊንደሩ ምንም ሳይወጣ ነው የዋለው። መስመሩ ግን ወጥቷል።

ታዲያ ኦክስጅኑ ከየት መጣ? አንድ የላላ የቱቦ ማያያዣ ከውጭ አየር እያስገባ ይሆናል፤ ወይ ዘንጉ ራሱ ላዩ ላይ ዝገት ይዞ ይሆናል። ከየትም ይምጣ፣ መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። ይህ ከሆነ ከዚህ በፊት የተለካው ሁሉ አይታመንም፤ ሁሉም እንደገና ሊለካ ነው፤ ሌላ ዓመት ማለት ነው።

ስልኳ ጮኸ።

«እሺ፣ የኛ ዶክተር! አለቀ?» አለ ባሏ።

«ጋሼ አልቋል ብለዋል።»

«ምነው ድምፅሽ? አሞሻል እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው። ኦክስጅኑን ሳልከፍት ነው የዋልኩት።»

«እና ውጤቱ አልወጣም?»

«ወጥቷል። ችግሩ እሱ ነው።»

ባሏ ኬሚስት ባይሆንም ከእሷ ጋር ኖሮ ይህን ያህል ይገባዋል። «ጋሼ አይተዋል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማንም አላየም።»

«እንግዲህ... አንቺ ታውቂያለሽ።» አለና ቀጠለ፦ «ልጅሽ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ተገትራለች። እማዬን ካላመጣን ብላ መቀመጫ አሳጥታኛለች።»

«አባዬ፣ በቃ እንሂድ!» የሚል ድምፅ ከጀርባ ተሰማ።

«መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ማልቀስ አሰኝቷት ነበር፤ ድካሙ ግን ለእንባም አቅም አላስተረፈላትም። ዝም ብላ ብትሄድስ፣ ማን ይጠይቃታል? ትናንት ኦክስጅኑ ክፍት ነበር፤ መስመሩም ወጥቷል። ምናልባት የትናንቱ እውነት ነው። ምናልባት። ይህችን ምናልባት ይዛ ቤቷ ብትገባ ለብዙ ዓመት እንቅልፍ እንደምትነሳት ታወቃት።

ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። «አሁንም አልሄድሽም?»

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ። ይህን ይንኩት።»

እየሳቁ መጥተው መዝጊያውን ወደ ቀኝ ሞከሩት። አልዞረም። መርፌውን አዩት። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አሁን ነው የዘጋሽው?»

«ጠዋትም አልከፈትኩትም።»

የጋሼ ጡረታ ደርሷል፤ ይህ ጽሑፍ የመጨረሻቸው እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ አሳዘኗት። ኮታቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉት።

«እንኳን ሳልልከው ታወቀ» አሉ በመጨረሻ። «እንኳን ነገርሽኝ ማለትም ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን አፌ እሺ አላለኝም። ነገ እለዋለሁ።»

«ግድ የለም፣ ጋሼ።»

«በይ መፍቻውን አምጪ። ከማያያዣዎቹ እንጀምር።»

መፍቻውን አቀበለቻቸውና ስልኳን አወጣች። ባሏ ወዲያው አነሳው።

«መኪናውን ላስነሳ?»

«አይ» አለች። «ጫማዋን አውልቅላት።»