ሰባት ማኅተም፣ አንድ ምንጭ

ፀሐይ የቀረ ብርሃኗን ከከተማው ጣራ ላይ ሰብስባ ወደ ማደሪያዋ ስታዘግም፣ ጸሐፊዎቹም ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ የባቡር መስመር ዕቅድ አስተባባሪው አቶ መዘምር ውብሸት ከጠረጴዛቸው ንቅንቅ አላሉም። ፊት ለፊታቸው የሰንበሌጥ መስመር መዝገብ ተከምሯል። መዝገብ ስል በሲባጎ የታሰሩ አሥራ አራት ጥራዞች ማለቴ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አያነሣቸውም። ይህን ታሪክ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። ሰውዬው ለቀልድ እንኳ የማይዋሹ፣ ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ብለው ደብዳቤ የሚመልሱ ናቸውና እመኗቸው።

ሰንበሌጥ የትውልድ አገራቸው ናት። በክረምት የጨሬ ወንዝ ሲሞላ መንገዱ ሦስት ወር ይዘጋል። እናታቸው በነሐሴ ሲያርፉ አቶ መዘምር ከወንዙ ወዲህ ቆመው የቀብሩን ለቅሶ ከማዶ ሰምተው ተመልሰዋል። አሁን በዚያ የቀሩት ታላቅ እኅታቸው እትዬ ብርቅነሽ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በስልክ በተገናኙ ቁጥር «ባቡሩስ የት ደረሰ?» ይላሉ። ወንድምየውም «ፊርማ ላይ ነው» ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊርማ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመረምሩ ሰባት መሥሪያ ቤቶች አሉ። አንዱ አይቶ ማኅተሙን ካላሳረፈ መዝገቡ ወደሚቀጥለው አይመራም፤ አንዱም ከአምስት ወር በፊት አይለቀውም። መዝገቡ የያዘው የጉዳት ጥናት ደግሞ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። እስቲ አስሉት። አምስተኛው ቤት ገና ሲያገላብጠው ጥናቱ ያረጅና መዝገቡ እንደ አዲስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አራት ጊዜ ተመልሷል። አሁንም አራት ማኅተም ይዞ፣ የውኃው፣ የደኑና የቅርሱ ሦስት ማኅተሞች ቀርተውት፣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አዲሱ መመሪያ አምስት ጊዜ የተመለሰ መስመር ከዕቅድ ይሰረዝ ይላል። የመመለሻውን ደብዳቤ ነገ ጠዋት የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ ፊርማቸው ብቻ ቀርቶታል። «ለእትዬ ምን ብዬ ልንገራት?» እያሉ ግንባራቸውን በአሥራ አራተኛው ጥራዝ ላይ ቢያስደግፉ ሸለብ አደረጋቸው።

ወዲያው ትከሻቸውን የነካቸው ሰው ነበር። ቀና ቢሉ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲያመላልሱ ኖረው ካቻምና ያረፉት ተላላኪ፣ ጋሽ ወርዶፋ ቆመዋል። ያ በመዝገብ ክብደት ይጎብጥ የነበረ ወገባቸው ቀጥ ብሏል፤ እጃቸውም ባዶ ነው።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ መዝገቡን የት ጣሉት?» አሉ አቶ መዘምር፣ ሙት ማየታቸውን ረስተው።

«ደኅና ዋሉ እንኳ አይባልም? መጀመሪያ መዝገብ» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «ና ተነሥ፤ የማሳይህ አለኝ።»

በአንድ ጊዜ ራሳቸውን በባቡር ውስጥ አገኙት። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበዋል፤ ከድልድዩ በታች ጨሬ ደፍርሶና ሞልቶ ግንዱንም ድንጋዩንም እያንከባለለ ያገሳል። በፉርጎው ውስጥ ግን አንዲት አራስ ሕፃኗን ታጠባለች፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከገበያ ስለገዙት ጤፍ ይጨቃጨቃሉ፣ ወንዙን ዞር ብሎ ያየው እንኳ የለም። ከማዶ ያለው ተራራ ጥድና ወይራ ለብሶ፣ ከየሸንተረሩ ጭስ እየወጣ፣ ሐዲዱም በማሳዎቹ ዳርቻ ማንንም ሳይረግጥ ተዘርግቶ ይታያል። አቶ መዘምር ነሐሴ መሆኑን ሲያውቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ጋሽ ወርዶፋም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ሰንበሌጥ ሊደርሱ ሲሉ ሐዲዱ ወደ ግራ ታጠፈ። «በእኛ ካርታ እዚህ ላይ ቀጥ ያለ ነው፤ ለምን ታጠፈ?» ብለው ጠየቁ።

«ከሾላው ሥር ላለው ምንጭ ሲባል ነዋ። ብርቅነሽ ውኃው ከየት ወደ የት በምድር ውስጥ እንደሚሄድ በእግሯ እየረገጠች አሳየቻቸው፤ መሐንዲሱም ችካሉን ነቅሎ ሁለት መቶ ሜትር ገፋው። በዚያው ቀን አለቀ።»

ወርደው ወደ ሾላው ሄዱ። ከሥሩ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሰባት ወንበር አለ። በወንበሮቹ ላይ የሰባቱ መሥሪያ ቤቶች ሰዎች ተቀምጠው ከሰንበሌጥ ወደሚቀጥለው ከተማ ስለሚዘረጋው መስመር ይነጋገራሉ። ከቅርንጫፉ ላይ ኩባያዎች ተንጠልጥለዋል። የዚያ አገር ደንብ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ስለ ምንጭ ከመፈረሙ በፊት ከምንጩ ይጠጣል።

«ምርመራውን አስቀሩት ማለት ነው?» አሉ አቶ መዘምር ደንገጥ ብለው።

«ማን ያስቀረዋል? ድሮ ቡድኑ ሁሉ በየተራው እየመጣ ገበሬውን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀው ነበር። አምስተኛው ሲመጣ ሰውዬው ታክቶት ‹ምንጭ የሚባል የለም› ብሎ ሸኘው። ዛሬ ሰባቱም ባንድ ቀን መጥተው፣ ባንድ ላይ ጠይቀው፣ መልሱን ባንድ ጆሮ ይሰማሉ።»

«ባይስማሙስ?»

«ይጣላሉ እንጂ። የደኑ ሰውዬና የሐዲዱ መሐንዲስ ለአንዲት ዋንዛ ሁለት ቀን ተኮራርፈዋል። ግን የተኮራረፉት እዚሁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው፤ በሦስተኛው ቀን ታረቁ፣ ዋንዛዋም ሳትቆረጥ ቀረች። በደብዳቤ ስትኮራረፉ እኮ አምስት ወር ነበር፤ ኩርፊያችሁን በጫንቃዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።»

አቶ መዘምር በወንበሮቹ ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ «አንዱ ሳይፈርም ለሌላው አይመራ ያለው ሕግ ባይኖር እኛስ ይህን መች እንጠላ ነበር?» አሉ።

ጋሽ ወርዶፋ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ብጫቂ ወረቀት አውጥተው ዘረጉላቸው። ከግርጌዋ ያለው ፊርማ የራሳቸው የአቶ መዘምር ነበር።

«ሕግ አይደለም፤ አንተ የጻፍከው ማስታወሻ ነው። አድርሰው ብለህ የሰጠኸኝም ለእኔ ነበር።»

«ነገ ማንም እንዳይወቅሰኝ ብዬ ነው» አሉ በቀስታ።

«አውቃለሁ ልጄ። ጠንቃቃ ነህ፤ ለዚህም እወድሃለሁ። ሰዉ ግን ማስታወሻህን ሕግ አደረገው። የጻፈው ሰው ካልሻረው ማን ይሽረው?»

አቶ መዘምር ዓይናቸውን ወደ ሾላው ቢያነሡ፣ ከኩባያዎቹ መካከል በልጅነታቸው ይጠጡባት የነበረችውን ጠርዟ ሰማያዊ ኩባያ አወቋት። እጃቸውን ሲዘረጉ ሽማግሌው ያዟቸው። «የአንተ በሕልም አይጠጣም» አሏቸው።

«ጋሼ፣ በር ልዘጋ ነው» የሚል ድምፅ ቀሰቀሳቸው። የግቢው ጥበቃ አቶ ጉግሳ ነበሩ። ገና ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። አቶ መዘምር ቸኩለው የመጀመሪያውን ጥራዝ ሲባጎ ፈቱና ገለጡት። ማስታወሻዋ በአራተኛው ገጽ ላይ፣ ከነፊርማቸው፣ አለች።

የመመለሻውን ደብዳቤ ቀደው ጣሉት። በምትኩ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ያች ማስታወሻ ከዛሬ ጀምሮ ተሽራለች፤ የቀሩት ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ሐሙስ ዕለት ባንድነት ሰንበሌጥ ይገኙ። ይህ ግን አልበቃቸውም። ለሦስቱም ኃላፊዎች እየደወሉ ያዩትን አንድ በአንድ ነገሯቸው። የደኑ ኃላፊ ከት ብለው ሳቁና እሺ አሉ። የቅርሱ ኃላፊ ጫማ ምን ዓይነት ይሻላል ብለው ጠየቁ። የውኃው ኃላፊ «አሥራ አንድ ዓመት ስለዚያ ምንጭ ጽፌያለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም» አሉና መጣሁ አሉ።

በመጨረሻ ለሰንበሌጥ ደወሉ።

«አሁንም ፊርማ ላይ ነው?» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«ሐሙስ ሦስት ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፣ እትዬ። እማዬ ስለ ምንጩ ትለን የነበረውን ሁሉ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«የመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ የቤተሰብ ብዛት ነው፤ የውኃውን መንገድ የጠየቀኝ የለም» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ድምፃቸው ቀጠን አለ። «እንግዲህ ለሦስቱ እንግዶች ኩባያ ይዘህ ና። የአንተ እዚህ አለች፤ እማዬ ሲመጣ ይጠጣባት ብላ ከሾላው ላይ ሰቅላት ነው የሞተችው።»