በሪሁንን የነካ

እህል በረንዳ ጤፍ የምትሸጠው ወሰንየለሽ እንዲህ በቀላሉ የምትሸወድ ሴት አይደለችም። ጤፍ ውስጥ አፈር ቢቀላቀል ገና የጆንያው አፍ ሲፈታ ታውቃለች። በሪሁን ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ ይታወራል። በሪሁን ማለት ማታ ማታ በቴሌቪዥን በሚታየው ድራማ ላይ ያለው መልከ መልካም አጭበርባሪ ነው፤ ሚስቱን ጥሎ የሄደ፣ የወንድሙን ቤት በሐሰት ፊርማ የሸጠ፣ ይህን ሁሉ ሠርቶ ደግሞ ሲስቅ ጉንጩ ስርጉድ የሚል። እሷ እቴ፣ ጉንጩን እንጂ ፊርማውን መች አይታ!

ጎረቤቷ ሀምዲያ፣ የባቄላና የምስር ነጋዴዋ፣ አንድ ረፋድ ላይ ምስሯን እየለቀመች ያ ሌባሽ ትናንት ደግሞ ምን ሠራ አለቻት። ለጨዋታ ነበር። ወሰንየለሽ ግን ቱግ አለች። ሚስቱ ነዝናዛ እንደነበረች፣ ወንድሙም በልጅነቱ እንደበደለው፣ የሰው ገመና ሳያውቁ መፍረድ ነውር እንደሆነ አወረደችባት። ሀምዲያም እልኸኛ ናት፤ ሌባን ሌባ ለማለት ገመናውን ማወቅ አያሻኝም አለች። በቃ፣ ተኮራረፉ።

ኩርፊያው እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ሀምዲያ ለጁምዓ ሶላት ስትሄድ ሱቋን የምትጠብቅላት ወሰንየለሽ ናት፤ ወሰንየለሽ ማርያምን ልትሳለም ስትሄድ ደግሞ ሀምዲያ። ዓመታት የኖሩት እንዲህ ነው። የዚያን ዓርብ ግን ሀምዲያ ሱቋን ከርችማ፣ ቁልፏን ይዛ፣ በፊቷ እልፍ አለች። የወሰንየለሽ ሆድ ባባ። ይኸው በስተርጅና ጎረቤቴ እንኳ አላመነችኝም ብላ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

መርካቶ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ወንድ ተጣሉ ተባለና የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ፈለቀ ጆሮ ደረሰ። እሳቸው ቴሌቪዥን የሚባል አያዩም። ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ሁለቱን አስቀምጠው የሰውየውን ግፍ ከሥር ከሥሩ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በሪሁን የተባለው ተጠርቶ እንዲቀርብ፣ አሻፈረኝ ካለም ዋስ እንዲጠራ አዘዙ። ሴቶቹ ተያዩ። ሀምዲያ በሻርፗ አፏን ሸፍና፣

"ጋሼ፣ ድራማ ላይ ያለ ሰው እኮ ነው" አለች።

ያፈሩትስ እሳቸው ነበሩ፣ ቁጣቸው ግን ወሰንየለሽ ላይ አረፈ። ለሌለ ሰው ብሎ ያለ ጎረቤትን መቀየም ምን የሚሉት ጉድ ነው አሏት።

"ሌባ መሆኑን እኔም አላጣሁትም ጋሼ" አለች። "ባሌ ካረፈ ወዲህ ግን ማታ ቤቴ ገብቶ የሚስቅ እሱ ብቻ ነው። እሱን ሌባ ብዬ ካስወጣሁት ከማን ጋር ላምሽ?"

ሀምዲያ ሳቋ ጠፋ። እሷም ልጆቿን ሁሉ ድራ ከጨረሰች ወዲህ ራቷን ብቻዋን ነው የምትበላው፤ ለማንም ግን ተንፍሳ አታውቅም።

የዚያኑ ዕለት ማታ የምስር ሳምቡሳ በሰሃን ይዛ የወሰንየለሽን በር አንኳኳች። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ድራማውም ተጀመረ። በሪሁን የገዛ እናቱን የአንገት ሀብል ሰርቆ ወጣ። ወሰንየለሽ እንግዳዋን ላለማስቀየም ብላ፣ እንዲያው ይኼስ በዛ፣ የእናት እኮ ነው አለች።

ሀምዲያ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

"ተይው እስቲ" አለች። "እናቱስ ብትሆን መች ወደደችው?"