የእህቴ ክብሪት

ስሜን ጤናዬ ያሉኝ በሽታው ሳይጥለኝ በፊት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እወድቃለሁ። አንዱ የእናቷ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ዛር፣ ሌላው የራሷ ኃጢአት። በሰባት ዓመቴ ምን ኃጢአት ሠርቼ እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም። በ2006 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ዳባት ጤና ጣቢያ መጥተው የሚጥል በሽታ በዘር የሚወርድበትን ምክንያት ከደም ሊፈልጉ ነው ሲባል፣ ይህን ሁሉ አፍ አስይዝበታለሁ ብዬ ከሁሉ ቀድሜ ሄድኩ።

ወጣቷ ዶክተር ሊያ ራሷን ነቀነቀች። "የእርስዎ ደም ብቻውን አይነግረንም። ከሥጋ ዘመድ ጋር ማነጻጸር አለብን። እናት አባት ከሌሉ እህት ይዘው ይምጡ።"

ያለችኝ አንድ እህት ናት፤ በለጠች፣ አምባ ጊዮርጊስ። ልጆች ሳለን ስወድቅ ክብሪት ጭራ ጭሱን የምታሸተኝ እሷ ነበረች። ሌላው ለሃጯ ይጋባብኛል ብሎ ይሸሻል። በለጠች ክብሪት ከመቀነቷ ለይታ አታውቅም።

ሄጄ ብነግራት ፊቷ ጠቆረ።

"ጤናዬ፣ ሆዴ፣ ለልጄ ለየትናየት እኮ ሽማግሌ ተልኮላታል። የሚያገባት ልጅ አጎት ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነው። ዘራችንን እየጠየቁ ነው። እህት እንዳለኝም አልነገርኳቸው።"

"ዘር ከልጓም ይስባል ሲሉ አልሰማሽም? የት ልትደበቂ ነው?" ብያት ወጣሁ። ምላሴ ክፉ ነው። መንገዱን ሙሉ ግን አለቀስኩ።

በቀጠሮው ቀን ብቻዬን ወረፋ ያዝኩ። ሌላው ሰው ከነቤተሰቡ መጥቷል፤ ከመካነ ብርሃን ድረስ አንዲት አሮጊት ከነልጅ ልጆቻቸው። በሰው እንዲያ ቀንቼ አላውቅም። ዓይኔን በሩ ላይ እንደተከልኩ ወደቅሁ።

ስነቃ መጀመሪያ የክብሪት ሽታ መጣልኝ። በለጠች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ራሴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። መጥታልኛለች! ደስታው ዳግመኛ ሊጥለኝ ምንም አልቀረው።

ሊያ መርፌዋን አዘጋጅታ "እህትዎ ናቸው?" አለችኝ።

ዘበኛው፣ የልጁ አጎት፣ ከበላያችን ቆሟል። በለጠች አየችው። እንዲያም ሆኖ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር እንደነበር ዛሬም እምላለሁ።

ቀደምኳት።

"አይደለችም። መንገደኛ ናት፤ እግዜር ይስጣት።"

ሊያ መርፌዋን መለሰች። በለጠች ክብሪቱን መዳፌ ውስጥ አስጨበጠችኝና ዞር ሳትል ወጣች።

ይኸው፣ ከመቀነቴ አልለየውም። ስወድቅ ማን እንደሚጭርልኝ እንጃ።