በእናት ስም የተለመነ ጸጥታ

ልብስ ሰፊዋ ከላይ ፎቅ የሚኖረውን ወጣት በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ለእሷ «ነጎድጓድ» ነው። ድራም መቺ ነው። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሲጀምር ጣሪያዋ ይርገበገባል፣ ጣሳ ውስጥ ያሉት የልብስ ቁልፎቿ ይንጫጫሉ፣ እሷም ጥርሷን ትነክሳለች። የራሷ የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ሕንፃውን ሲያደነቁር እንደሚውል ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል እንዲህ ነው።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ አንገት ተበላሸባት። ጥፋቱን ለድራሙ ሰጠችና ደረጃውን በንዴት ወጥታ በሩን ደበደበች። ልጁ ላቡን እየጠረገ ሲከፍትላት ግን ንዴቷ ከዳት። «ሥራ አስፈታኸኝ» ብለው እሱም «የእርስዎስ መኪና?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ ብላ ፈራች። ስለዚህ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«እናቴ ናት። አልጋ እንደያዘች ታውቃለህ። ድራሙ እንቅልፍ ነሳት።»

ልጁ ደነገጠ። «ውይ፣ እማማን ነው እንዲህ ያስቸገርኩት? ምነው እስከዛሬ ዝም አሉኝ፣ እትዬ?»

ብዙም ሳይቆይ ድራሙ ተሸጦ ወረደ። ልጁ የጭነት መኪናው እስኪሰወር ድረስ በር ላይ ቆሞ ሲሸኘው በመስኮት አየችው። በምትኩ የኤሌክትሪክ ድራም ገዛ፤ ጎማ የለበሱ ክብ ሰሌዳዎች ናቸው፣ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው መቺው ብቻ ነው። ሕንፃው ጸጥ አለ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቷ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ቀኑን የሚገፉት በዚያ ድራም ነበር። ልጁ ሲመታ ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይከተሉታል፤ ሲስት «ተሳሳትክ!» እያሉ ወደ ጣሪያው ይቆጡታል። ልብስ ሰፊዋ ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር።

«ያ ልጅ ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?» አሉ እናቷ።

«እኔ እንጃ፣ እማዬ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

በማግስቱም ጠየቁ፣ ከዚያም ጠየቁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ። መኪናዋን ባቆመች ቁጥር የእናቷ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ሥራ ፈትተው ይታዩዋታል። እውነቱን ለልጁ ልትነግረው ተነስታ ከደረጃው መሀል ተመለሰች፤ ድራሙ አንዴ ተሸጧል፣ አሁን ቢያውቅ ምን ይረባዋል ብላ ራሷን ሸነገለች።

አንድ ከሰዓት ነጎድጓድ ራሱ ብርቱካን ይዞ በሯ ላይ ቆመ። «ተኝታለች» ልትለው አፏን ስትከፍት እናቷ ከውስጥ «ማነው? ግባ!» አሉ።

ገባና አልጋው አጠገብ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ አሁንስ ደህና ይተኛሉ? ሰላም ስነሳዎት የከረምኩት ሳላውቅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ድራሙን ሸጥኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቷ ልጁን አዩት። ቀጥሎ እሷን አዩዋት፤ ዓይናቸውንም ቶሎ አላነሱላትም። አሁን ጉዴ ፈላ አለች በሆዷ።

«አዎ ልጄ፣ ደህና እተኛለሁ» አሉ እናቷ። «ተባረክ። ብቻ ያንን አዲሱን አንድ ቀን አሰማኝ።»

ልጁ ደስ ብሎት እየሮጠ ወጣና አንድ የጎማ ሰሌዳ፣ ድምፁ የሚወጣባትን ትንሽ ሳጥንና ማዳመጫውን ይዞ ወረደ። ማዳመጫውን እናቷ ጆሮ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ራሱ ምንም ሳይሰማ ይመታ ጀመር። የእናቷ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ተነሱ።

«ተሳሳትክ!» ብለው ጮኹ፤ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁን መቼ ይመጥናል። ልጁ ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ለእሷ የሚሰማት እንጨቱ ጎማው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ነው። ወጥታ የለመነችው ጸጥታ ይኸው ነበር።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለች።

እናቷ ዞር አላሉም። እሷም ያለችው እንደማይሰሟት አውቃ ነው።