ፍሬ ከቋጠረ

ሰው ልብስ ሰፊዋን «ከሥጋ ዘመዷ አበባዋን ታስበልጣለች» ብሎ ቢያማት አይፈረድበትም። እናቷ ሲሞቱ የተዉላት አንድ ሥር የአበባ ጓያ ነበር፤ ለዓይን እንጂ ለድስት የማይሆን፣ ሥሩ እየከረመ በየዓመቱ የሚያቆጠቁጥ። ከመስኮቷ ሥር ተክላ፣ ከስፌት የተረፈ ክር እየቋጠረች ወደ ላይ እንዲሳብ አደረገችው። ጠዋት ጠዋት ማንም እንዳይነካው የምትሸሽገውን የጨርቅ መቀሷን ይዛ ትወጣና፣ አበባው ረግፎ ፍሬ ሊይዝ ያለውን ሁሉ ቀንጠስ ቀንጠስ ታደርገዋለች። ጓያ ዘር ካገኘ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ማበቡን ይተዋላ።

ሁለት መንገድ ተሻግራ የምትኖረው ታናሽ እህቷ አንድ ዓመት በቀልድ፣ አንድ ዓመት በልመና ዘር ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ ተይልኝ። የእማዬ እጅ ያረፈበት ነገር እኔም ቤት ይብቀል።»

«ፍሬ ከቋጠረ አበባው ይቆማል» አለቻት፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል። ማስተዛዘኛ እንዲሆን ግን አንድ እቅፍ አበባ ቆርጣ ሰጠቻት። ታናሽቱ አመስግና ሄደች፤ ፍሬው ቢቀር ቂም ተቋጠረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ተክሉ ገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ታማ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። ጠዋት ማታ እየተመላለሰች ገላዋን ያጠበቻት፣ ፀጉሯን ያበጠረችላት ያቺው እህቷ ናት። አንድ ቀን አበባውን ውሃ ላጠጣልሽ፣ የግቢውን ቁልፍ ስጪኝ አለቻት። ሴትዮዋ ግን ሥሩን ገምሳ ልትወስድብኝ ነው ብላ ቁልፉን ከትራሷ ሥር ሸጎጠች። እንዲህም ያለ ልብ አለ! ታናሽቱ አየቻት፤ ማበጠሪያውን አንስታ ፀጉሯን ማበጠሯን ቀጠለች።

ድና ስትመለስ ተክሉ ደርቆ፣ ሥሩን ምስጥ ጨርሶት አገኘችው። አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ እናቷ ዛሬ የሞቱ ያህል አለቀሰች። በሳምንቱ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ፣ የእህትሽ ጓሮ እኮ በዚሁ አበባ ተሸፍኗል ብላ አወራቻት። ሥራ በዛብኝ እያለች ስንት ዓመት ያልረገጠችውን ቤት ያን ቀን ረገጠችው።

አጥሩ ከዳር እስከ ዳር በአበባው ወይን ጠጅ ሆኗል።

«ያን ጊዜ ከሰጠሽኝ እቅፍ ውስጥ» አለች ታናሽቱ፣ «ቅጠል ሥር ተደብቃ የደረቀች አንዲት ፍሬ አምልጣሽ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አንዱን ሐረግ ዳሰሰች። «እቱ፣ እኔም አንዲት ፍሬ ብቻ...»

«ፍሬ ከቋጠረ አበባው ይቆማል፣ እትዬ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መቀሷን አምጥታ አንድ እቅፍ አበባ ቆረጠችላት፤ እስከ በር ድረስም ሸኘቻት።

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ እቅፉን የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ በተነችው። መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ቅጠል እየገለበጠች እስኪመሽ ፈለገች። ከእህቷ መቀስ አንድም ፍሬ አላመለጠም። ድሮስ፣ ለታናሽቱ መቀስ አያያዝ ያስተማረቻት ማን ሆነና?