የታጠበው መኖ

በምርምር በረቱ መኖ የሚያድለውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ጋሼ ቱልቱላ ነው። አሮጊቷ ላም ስታገሳ የቆርቆሮው ጣሪያ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይመለሳል ብሎ ሲምል፣ ርግቦቹን ምስክር የሚጠራ ሰው ነው።

ዛሬ ግን ወሬው ከዳው። ላሟ በመስታወት ክፍሏ ቆማ ታመሰኳለች፤ ትንፋሿ መስታወቱ ላይ ደመና እየሠራ ይጠፋል። ከበላይዋ ያለው ቱቦ ግሳቷን እየሳበ ለመሣሪያው ያቀብላል፤ መሣሪያው ደግሞ ሚቴን የሚሉትን ጋዝ ይለካል። ጋዙን እንዲቀንስ ከነጭ ሽንኩርትና ከጦስኝ የተጨመቀው አረንጓዴ ውሃ መኖው ላይ ሲረጭ የሌሎቹ ላሞች ጋዝ ቀንሷል። የእሷ ንቅንቅ አላለም።

«በቃ ጋሼ፣ ይቺ አልሆነችም» አለች ተመራማሪዋ፣ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች። «ነገ ለሥጋ ትሄዳለች።»

ጋሼ ቱልቱላ ወደ እሷ ቀረበ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መኖዋን በውሃ እያለቀለቅሁ ነው የምሰጣት።»

«ምን አሉ?»

«መረራት። ዓይኗን ስታንከራትትብኝ አንጀቴ አልቻለም። ሦስት ቀን ሙሉ ጭማቂውን አጥቤ አወረድኩት።»

«ትናንት ከላሟ ጋር ደመና ላይ ወጥተን ወረድን ብለውኝ የለ እንዴ?»

«እሱ ውሸት ነው። ይሄኛው እውነት ነው።»

«በምን ልለየው ታዲያ?»

ጋሼ ቱልቱላ ያልታጠበውን መኖ ይዞ ወደ ላሟ ገባና ገንዳዋ ውስጥ ገለበጠው፤ አንድ እፍኝ ዘግኖም ፊቷ ቆሞ ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እሱ ግን አኘከ። ላሟ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ መዳፉ ላይ የቀረውን ላሰችና አፏን ገንዳው ውስጥ ከተተች።

ተመራማሪዋ በእጇ ጠርታ አስወጣችውና በሩን ዘጋች። እሱም ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ማላመጡን ቀጠለ፤ ላሟም ከውስጥ ዓይኗን ሳትነቅል ታላምጣለች። ቀስ በቀስ መስታወቱ የቀለጠ፣ እሱና እሷ ጦስኝ ጦስኝ በሚሸት ሰፊ አረንጓዴ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ መሰለው። ይሄንን እንኳ ለማንም አልናገርም አለ በልቡ።

ፀሐይ ከመስኮቱ ዘወር ስትል የመሣሪያው ቁጥር ዝቅ አለ፤ ቆም አለ፤ ደግሞ ዝቅ አለ። ተመራማሪዋ የጻፈችውን ሰርዛ ወደ ሁለቱ ዞረች።

«ጋሼ» አለች፣ «የነገውን እንዳያጥቡት።»