ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠው አግዳሚ

በሐይቁ ዳር መናፈሻ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ነው የተተከሉት። መናፈሻው ሲመረቅ እንግዶቹ ማየት የነበረባቸው ውሃውን ሳይሆን ኃላፊውን ስለነበር፣ ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው እግራቸው በሲሚንቶ ተቀበረ። ንግግሩ አለቀ፣ መድረኩ ፈረሰ፣ ኃላፊው ተሻረ። ወንበሮቹ ግን ማንም «በቃችሁ» ስላላላቸው እስከ ዛሬ እያዳመጡ ነው። ሐይቁን ማየት የፈለገ ሰው ወይ አንገቱን ይጠመዝዛል፣ ወይ ተገልብጦ ይቀመጥና እግሩን በመደገፊያው ሥር ባለው ክፍተት ያሾልካል።

ቀያሹ ሚስቱን «ታገቢኛለሽ ወይ?» ያላት ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ እንዲሁ ተገልብጦ ተቀምጦ ነው። «እሺ» ስትለው በደስታ ሊነሳ ሲል እግሩ እዚያው ተቀርቅሮ ቀረ፤ ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ አግዳሚ የመንግሥት ንብረት መሆኑን ቀያሹ ከልቡ አምኖ አያውቅም።

ባልና ሚስቱ የሚሠሩት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እሱ መሬት ይለካል፣ እሷ መናፈሻ ትነድፋለች። የሐይቁ ዳር መናፈሻ ይሻሻል ሲባል ሥራውን የምትመራው እሷ ሆነች። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ችግሩ አብሯት የተመደበው አማካሪ ነው። አማካሪው ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሽቶ ነበረው፤ እሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሽቶው ስብሰባውን ይጀምራል። ቀያሹ በሆዱ «ሽቶ» ብሎ ሰየመው። በሆዱ ቢቀር ምንም አልነበረም፤ ለታላቅ እህቱ ደውሎ ነገራት።

«ውድ ሽቶ ነው ርካሽ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ። ውድ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው አለቀልህ ወንድሜ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ለጉብኝት የወጡ ቀን ነገሩ ሁሉ በቀያሹ ላይ የተዶለተ መሰለው። ሜትር የተባለው መሣሪያ ባልን ከሚስቱ ለማራቅ የተፈለሰፈ ይመስል፣ ጫፉን ይዞ ወደ ሩቅ የሚላከው እሱ ነው። እሷና ሽቶ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ዳርቻውን ይጠቁማሉ፣ ይስቃሉ። እሱ ጋ የሚደርሰው ሳቁ ብቻ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉትን አስታወሰ፤ እዚህ ደግሞ ውሃውም ሳቁም ተሟልቷል።

እየለካ ቀረብ ሲል ሽቶ «ውሃው ሰውን መጥራት አለበት» ይላል።

«ስልክ ቁጥር ስጡት» አለ ቀያሹ።

የሳቀ የለም። ወዲያው ሽቶ ወደ ዳክዬዎቹ እያመለከተ «እነዚህ ከእኛ ቀድመው ፕላን ያጸደቁ ይመስላል» ሲል ሚስቱ ሆዷን ይዛ ጎንበስ እስክትል ሳቀች። ቀያሹ ሁለቱን ቀልዶች በልቡ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። የራሱ ይበልጣል። ደግሞ ቢመዝን ያው ነው።

የሥራው ወግ እንዲህ ነበር። የሚነሳ ነገር ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ እንዳለ የሚቀር ነገር ላይ ነጭ። የተነሳው የት እንደሚሄድ በኋላ ይወሰናል። ፎርማኑ ጨርቅ እንጂ ሰው አይሰማም፤ አንዴ አንድ ኃላፊ ኮፍያውን ቀይ ጨርቅ ያለበት ችካል ላይ ቢሰቅል ኮፍያው ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄዷል።

አግዳሚዎቹ አንድ በአንድ ቀይ ታሰረላቸው። ቀያሹ አልከፋውም፤ የሰው አግዳሚዎች ናቸው። ባሕር ዛፉ ሥር ሲደርሱ ግን ጆሮው ቆመ።

«ይሄኛውስ?» አለ ሽቶ።

«እሱማ ከሁሉም በፊት ነው የሚነሳው» አለች ሚስቱ። ቀዩን ጨርቅ በገዛ እጇ አሰረችና ወደ ባሏ ዞር ብላ ፈገግ አለች። እሱ ሜትሩ ላይ አቀርቅሮ ማንም ያልጠየቀውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ።

ያን ቀን ራት ላይ «ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ፀሐይ መታኝ።»

«ደመና ነበር እኮ።»

«ደመናም ይመታል።»

እሷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሳህኖቹን አነሳች። እሱ ሲቆጥር የነበረው ሌላ ነው። ይሄን አግዳሚ ነቅላ ከማን ጋር የምትቀመጥበትን ልትተክል ነው? ጠይቃት የሚለው ሐሳብ መጥቶለት ነበር፤ ግን ቀናተኛ ሰው መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጥያቄው ይሰለቸዋል።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ሳይገቡ ብቻውን መናፈሻው ደረሰ። ዘበኛው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በጠዋት ምን እግር ጣለህ ልጄ?»

«ልኬት ላስተካክል ነው አባባ።»

«ያለ ሜትር?»

«በዓይን ነው የማስተካክለው።»

«እሱስ ዓይንህ ቀልቷል» አሉ ዘበኛው፣ አሳለፉትም።

ቀዩን ፈታ፣ ነጩን አሰረ፣ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደ ድል አድራጊ በረጅሙ ተነፈሰ። በዚያው ሳምንት ለመንገድ ቅየሳ ወደ ሌላ ሰፈር ተላከ፤ ሽቶ ከሚስቱ ጋር ምን እያሻሻለ እንደሆነ እያሰበ ሰነበተ። ማታ ማታ ስለ መናፈሻው ስትነግረው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምር ነበር።

መናፈሻው በድጋሚ የተመረቀ ዕለት ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ የሽቶ የማሻሻያ ሐሳብ ከሽፎ አግዳሚው በቦታው መቆሙን ሊያይ ሄደ። አግዳሚው ቆሟል፤ በቦታውም ነው። የሌሎቹ አግዳሚዎች እግር ግን ከሲሚንቶው ተነቅሎ፣ ሁሉም ዞረው ሐይቁን እያዩ በረድፍ ተተክለዋል። ሰዎች እግራቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸው ሳይጣመም ጀልባ ያያሉ። የእሱ ብቻ እንደ ድሮው ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ የጥንቱን መድረክ ቦታ ያያል። የጥንቱ መድረክ ቦታ ላይ አሁን አዲስ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ወረፋ አለው።

ሚስቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«ና ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ከወረፋው መሀል አንድ ሰውዬ በጥያቄ ዓይን አያቸው።

«ይሄኛው ለምን አልዞረም?» አለ ቀያሹ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ነጭ ታስሮበት ነበር። ፎርማኑን ታውቀዋለህ።»

«ማነው ያሰረበት?»

«ቋጠሮውን ሳየው የጫማህ ቋጠሮ ነው።»

ቀያሹ ጫማውን አየ። መካድ አይቻልም።

«ይነሳል ስትይ…»

«አንስተን ልናዞረው ነበራ። ከሁሉም በፊት የኛን። አንድ ቀን እንኳ አንገቴን ሳያመኝ ካንተ ጋር ሐይቁን ልይ ብዬ።»

«ታዲያ አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ባለሙያው አይነካ ካለ አይነካም» አለች፣ ዓይኗን ከወረፋው ሳታነሳ። «ደግሞ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ቀያሹ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስለ ሌላ ሰው ይመስለው ነበር።

በዚህ መሀል ያ ሽቶ መጣ፤ ከኋላው አማካሪው እጁን እያራገፈ ከመጸዳጃ ቤቱ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና «የናንተ ቦታ ንፋስ አይመታውም» ብሎ አለፈ። ንፋስ ባይመታውም ሌላ ነገር ይመታው ስለነበር ቀያሹ የሰውዬው ሽቶ ትንሽ እንዲቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመኘ።

«እንገልበጥ?» አለች ሚስቱ።

ተገለበጡ። የእሷ እግር እንደ ድሮው ሾለከ። የእሱ ግን ከጋብቻው ወዲህ ብዙ ራት በልቷል፤ ግማሽ ገብቶ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ወደፊትም እምቢ፣ ወደኋላም እምቢ። ሚስቱ ጎተተችው፣ አቃታት፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያ ከሜትሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲሰማው የነበረው ሳቅ ነው፤ አሁን ጆሮው ሥር ነው።

ሽቶ ከሩቅ ቆም አለና ምን እንዳሳቃት ለማየት አንገቱን ጠመዘዘ። ቀያሹ እግሩ እያመመው እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን አቀፈ፤ እንዲያወጡትም ማንንም አልጠራም።